አለቃው ሲቆም

ማ ቢዮንግሆ ቁልፉን ሲጫን ጠረጴዛው እያጉረመረመ ደረቱ ድረስ ከፍ አለ። ወገቡን ደግፎ ተነሣ። ወዲያው ከኋላው ስምንት ወንበሮች ተንኳኩና የጭነት ክፍሉ ሠራተኞች በሙሉ ብድግ አሉ።

ጠረጴዛውን በሐኪም ትእዛዝ ካስገዛ አምስት ወር ሆኖታል። ጀርባው ቀለል ብሎታል። የገረመው የሠራተኞቹ ነገር ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ ተራ ጠረጴዛቸው ላይ ካርቶን ደራርበው፣ ኮምፒውተራቸውን ከላይ አስቀምጠው እንደ እሱ ቆመው መሥራት ጀመሩ። ጤናቸውን መጠበቅ ገባቸው ብሎ ለበላዮቹ ሳይቀር ጉራውን ነዝቶበታል።

ምክትሉ ፒዮ ሚሱክ ነጭ ፖስታ በሁለት እጇ ይዛ መጣች። አብረው አሥራ ሰባት ዓመት ሠርተዋል። እናቱ የሞቱ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ለለቀስተኛው ሾርባ ስታቀርብ የሰነበተችው እሷ ናት።

“ምንድን ነው?”

“መልቀቂያ ነው፣ አለቃ።”

ከፈተው። “በግል ምክንያት” ይላል፤ ሥራ የሚለቅ ሰው ሁሉ የሚጽፈው ይህንኑ ነው።

“ማን ወሰደሽ? የቡሳን ወደብ ሰዎች ናቸው አይደል?”

“ሐሙስ የጀርባ ቀዶ ሕክምና አለኝ። ከእንግዲህ ብዙ መቆም አትችዪም ብለውኛል።”

“አንቺ ደግሞ፣ ብትነግሪኝ እንደኔ ያለ ጠረጴዛ አላስገዛልሽም ነበር?”

ሚሱክ አቀረቀረች። “እኔ የፈለግሁት መቀመጥ ነበር።”

“ታዲያ ማን ከለከለሽ?”

“እርስዎ ቆመው?”

እሱም በጀማሪነቱ አለቃው ካፖርታቸውን ከመስቀያው ሳያነሡ ወደ ቤቱ የሄደበት ቀን አልነበረም። ያን ጊዜም ያዘዘው ሰው አልነበረም።

“ሁላችሁም እንዲሁ ናችሁ?” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“ሶሂ እንኳን አርግዛ ቆማለች። ስብሰባ ሲኖርዎት ቁጭ እንላለን። ኮቴዎን የሚያዳምጥ ዘብ አለን” ብላ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ማ ቢዮንግሆ በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ዞር ብሎ፣ “ተቀመጡ” አላቸው።

“ኧረ ደህና ነን፣ አለቃ።”

“ለምደነዋል፣ እንዲያውም ተስማምቶናል።”

ሁሉም ፈገግ ይላሉ፤ አንድም ጉልበት አልታጠፈም። ሁለተኛም ሦስተኛም አላቸው። በመጨረሻ ጠረጴዛውን አወረደና ራሱ ተቀመጠ። ሕመሙ ከወገቡ እስከ ተረከዙ ወረደ። ያኔ አንድ በአንድ ተቀመጡ።

“አንቺም” አላት። ሚሱክ የእንግዳውን ወንበር መደገፊያ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ቀስ እያለች ተቀመጠች። እሷን ማየት ከራሱ ሕመም ባሰበት።

ወረቀቱ እንዳለ ካለፈ የሕክምናው ወጪ በእሷ ላይ ይወድቃል። በሥራ የመጣ ጉዳት ከተባለ ድርጅቱ ይከፍላል፤ የሚጠየቀው ግን እሱ ነው። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። “በግል ምክንያት” የሚለውን ሰረዘና ከጎኑ ጻፈ፦ “አምስት ወር ሙሉ ቆማ በመሥራቷ። ያስቆምኳት እኔ ነኝ።”

“አለቃ፣ ይተዉት፤ ግድ የለም” አለች ሚሱክ።

እንደ ፊርማ የሚጠቀምበትን የስሙን ማኅተም ከመሳቢያው አወጣና ከጽሑፉ ሥር አሳረፈበት።