ትልቁ ከበሮ ብቻውን

ቀድቼ ያመጣኋቸው ስድስቱም ከበሮዎች ድምፃቸው ከኮምፒውተሬ የሚወጣው በአንድ መውጫ ነበር። ትንሹን ከፍ ላድርግ ስል ትልቁም አብሮ ይጮኻል፤ የትልቁን ጉርምርምታ ልቀንስ ስል የትንንሾቹ ጥርት ያለ ድምፅ አብሮ ይጠፋል። አሶሳ በተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅዬ፣ አራት ቀን ከዚህ ጋር ታገልኩ። በአምስተኛው ቀን ለእያንዳንዱ ከበሮ የራሱን መውጫ ሰጠሁት፤ እያንዳንዱን መውጫም ስክሪኑ ላይ ባለው ሚክሰር በሚሉት የድምፅ ማደባለቂያ ከየራሱ ቻናል ጋር አገናኘሁት። ስድስት ከበሮ፣ ስድስት ቻናል። አሁን የፈለግኩትን ከፍ፣ የፈለግኩትን ዝቅ ማድረግ፣ ከፈለግኩም አምስቱን ዝም አሰኝቼ አንዱን ብቻ መስማት እችላለሁ። ባንጋሎር ተማሪ ሳለሁ መምህራችን በአንድ ከሰዓት ያሳየን ነገር ነው። እዚህ ግን የሚያየኝ ሰው አልነበረምና ሲሳካልኝ ለራሴ አጨበጨብኩ።

ክልሉ ያኔ ከተቋቋመ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ሁሉ ነገር አዲስ ነበር፤ ማኅተሙም፣ የቢሮዎቹ በርም፣ በዓሉም። የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ደባልቄ ከጎጃም ተመድበው የመጡ ሰው ናቸው። ሲያስጠሩኝ እንዲህ አሉኝ፦

«ኢንጂነር፣ ከበሮ መቺዎቹን በየበዓሉ በአይሱዙ ማመላለስ ሰለቸኝ። አንዱ ሲመጣ አንዱ ይቀራል። አንዴ ቅዳቸውና በዚህ ሳጥንህ ውስጥ አስቀምጥልኝ።»

እሺ አልኩ። የባምባሲ ልጅ ነኝ፤ በአሥራ አምስት ዓመቴ ወጥቼ በሃያ አራት ዓመቴ ነው የተመለስኩት። እናቴ ኦሮምኛዬ ተሰባበረ ትላለች፤ አሶሳ ውስጥ አማርኛ ስናገር «ከየት ነህ?» ይሉኛል። የምሠራው ነገር ለማን እንደሚጠቅም በየጠዋቱ እጠራጠር ስለነበር፣ የሚፈልገኝ ሰው መገኘቱ ብቻ አስደሰተኝ።

የከበሮዎቹ ጠባቂ የሆኑት የሼህ ኸሊፋ መንደር ከከተማው ጫፍ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው። ስድስቱ መቺዎች ማንጎ ዛፍ ሥር ጠበቁኝ። መጀመሪያ አብረው መቱ፤ ቀዳሁ። ከዚያ ለየብቻ እንዲመቱልኝ ጠየቅኩ። የሚገርም ጥያቄ ሆነባቸው። አንዱ ትንሿን ከበሮ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ «ይሄ ደግሞ ምን ዘፈን ነው?» ሲል ሌሎቹ ሳቁ። አምስቱን እንዲህ እየተሳሳቅን ጨረስን። ትልቁ ጋ ስንደርስ፣ አቶም የሚባለው መቺ እጁን ሲያነሳ ሼህ ኸሊፋ ያዙት።

«ይሄ ብቻው አይመታም» አሉ።

«አንዴ ብቻ፣ ሼህ።»

«አንዴም ቢሆን። ይሄ ብቻው ከጮኸ ሰው ሞተ ነው። እርሻ ያለ ይመጣል፣ ገበያ ያለ ይመጣል። የእኛ ሰው ሳያድር ይቀበራል፤ ሰው በምን ይሰማል? ስልካችን ይሄ ነው።»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላል። ብቻውን አይወጣም።»

«ማን ይላል?»

«እኔ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«የባምባሲው የዳበሳ።»

«ከብት ነጋዴው ዳበሳ?» ፊታቸው ተፈታ። «በሬ ሲሸጥልኝ ‹የኋላ እግሩን ያመዋል› ብሎ ራሱ ነገረኝ። ሌላ ሰው ይደብቃል። ወላሂ፣ እሱ ሰው ነው። በል ቃልህን ስጠኝ።»

እጄን ዘረጋሁ፤ በሁለት እጃቸው ያዙት። ትልቁ ከበሮ ብቻውን ጆሮ እንደማይገባ ቃል ሰጠሁ።

በዚያው ግን አልመቱም። ሦስት ሰው ላኩ፤ አንዱን ወደ ቤቶቹ፣ አንዱን ወደ እርሻው፣ አንዱን ወደ ከተማ። መልእክቱ አንድ ነው፦ ዛሬ ከበሮው ይጮኻል፤ ማንም አልሞተም። ሦስቱም እስኪመለሱ ሁለት ሰዓት ያህል ማንጎ እየበላን ጠበቅን። ከዚያ አቶም አንድ ጊዜ መታው። ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ቆየ። ገና ሳይጠፋ ስድስቱም በአንድነት ተነሥተው መቱ፤ ያ ድምፅ ብቻውን እንዳይቀር ብለው መሆኑን በኋላ ነው የገባኝ።

ያቺን አንዲት ምት ይዤ ወደ ክፍሌ ተመለስኩና ከላይ እንዳልኩት ከበሮዎቹን ለየቻናላቸው አከፋፈልኳቸው። ትልቁ በየስንት ጊዜው እንደሚመታ ቆጥሬ፣ ያችኑ ምት እየደጋገምኩ ቦታ ቦታዋ ላይ ደረደርኩ።

የድምፅ ሙከራው የተደረገው ቅዳሜ፣ ከገበያው ጎን ባለው ሜዳ ላይ ነው። አራት ትልልቅ ስፒከሮች፣ አንድ ጄኔሬተር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ እኔና ላፕቶፔ። ሙዚቃውን ለቀቅኩት። ስድስቱም አብረው ሲወጡ በእውነት ያምር ነበር። አቶ ደባልቄ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ትንሽ ካዳመጡ በኋላ፦

«ጥሩ ነው። ካሴት ማጫወት ግን ማንም ይችላል። ሕንድ አገር ድረስ የሄድከው ለዚህ ነው?» አሉኝ።

እየቀለዱ ነበር። ይህን ጥያቄ ግን እናቴም ጠይቃኛለች፤ እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ደሜ ፈላ።

«ይምጡ ላሳይዎት» አልኩ። የትንሿን ከበሮ ቻናል «ሶሎ» የሚለውን ስጫን አምስቱ ዝም አሉ፣ እሷ ብቻዋን ቀረች። ሁለተኛዋን አሳየኋቸው። ሦስተኛዋን። አቶ ደባልቄ እንደ ልጅ ተገረሙ።

«አሃ! እያንዳንዷ ጣትህ ሥር ናት ማለት ነው! ትልቁስ?»

እጄ ቆመ። ረሳሁት ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልረሳሁትም። ሼህ ኸሊፋ እጄን እንዴት እንደያዙት ሳይቀር ትዝ ብሎኛል። ለአፍታ ነው፣ ማንም ልብ አይለውም ብዬ ተጫንኩት።

ዱም። ረጅም ዝምታ። ዱም።

አብረው ሲመቱ የትልቁ ቦታ እንደዚያ የተራራቀ መሆኑን ጆሮዬ አላስተዋለውም ነበር። ላጠፋው ስል አቶ ደባልቄ ክንዴን ያዙ። «ተወው፣ ተወው፣ ይጩህ! እንዴት ያለ ድምፅ ነው!» ዓይናቸውን ጨፍነው ጭናቸውን ይመቱ ጀመር። እጄን ማስለቀቅ እችል ነበር። ሲያደንቁኝ መስማት ፈለግኩ።

አንድ ደቂቃ ያህል ጮኸ። ከዚያ ከገበያው ጫጫታ ላይ አንድ ነገር ሲጎድል ተሰማኝ። ዞር ስል ሰዎች ከየተቀመጡበት ተነሥተዋል። ሁሉም አይደሉም፤ የሼህ ኸሊፋ መንደር ሰዎች ናቸው። ዕቃቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ በሜዳው በኩል ወደ መንገዱ ይሮጡ ነበር። ሙዚቃውን አጠፋሁ።

ባምያ የምትሸጥ ሀዋ የምትባል ሴት እያለከለከች ጠረጴዛችን ጋ ቆመች።

«ከበሮው ከየት ጮኸ? ከኛ መንደር ነው?»

አቶ ደባልቄ እኔን አዩኝ።

«ጄኔሬተሩ ነው» አልኳት። «ሲነሣ እንዲህ ያደርጋል።»

«ጄኔሬተር እንዲህ አይልም። እኔ ድምፁን አውቃለሁ። ልጄን ወባ ይዞታል፤ ቤት ትቼው መጣሁ» አለችና ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ሮጠች።

«በል ገመዱን ጠቅልል» አሉኝ አቶ ደባልቄ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ደርሰው ሲያዩ ይመለሳሉ።»

ሁለት ገመድ ጠቀለልኩ። አዎ፣ ሁለት ገመድ በሥርዓት ጠቀለልኩ። ሦስተኛውን ጀምሬ ጥዬው ተከተልኳቸው።

ስደርስ ማንጎው ሥር ከሁለት መቶ የማያንስ ሰው ነበር። አንዱ ሌላውን ያያል፤ ማን እንደጎደለ ይፈልጋሉ። ሀዋ ልጇን አቅፋ ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ትሳቅ ይሁን ታልቅስ አይለይም። መሐል ላይ አቶም ቆሞ ይምላል።

«ወላሂ አልነካሁም! ቁልፉ ሼህ ጋ ነው!»

«ታዲያ ማን ነው? ሸይጣን ነው?» ብሎ አንድ ሽማግሌ በዱላው መሬት መታ። «አንተ ነህ ሁሌ የምትቀልደው!»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ደግሜ ጮኼ ተናገርኩ። ሼህ ኸሊፋ ቀና አሉ።

«አንተ ከተማ ነበርክ። ከበሮው ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል። እንዴት አንተ ትሆናለህ?»

ማስረዳት ነበረብኝ። ስድስቱን ለየብቻ እንዴት እንዳወጣኋቸው፣ እያንዳንዱ የራሱ መንገድ እንዳለው፣ አንዱን ስጫን ሌሎቹ ዝም እንደሚሉ ነገርኳቸው። አቶም ወደ በርታ ቋንቋ እየመለሰ ነገራቸው። ክፍሌ ውስጥ ያጨበጨብኩለት ነገር እዚያ ሰው ፊት በየቃሉ ሲተረጎም መስማት ከስድብ ከፋብኝ። አልሰደቡኝምም። ሲጨርስ ሼህ ኸሊፋ ከበሮው ወደተቆለፈበት ቤት አዩ።

«እንግዲህ ከበሮው ሁለት ቦታ አለ» አሉ።

«አዎ። ግን ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ።»

«ታጠፋዋለህ። እኔ በምን አውቃለሁ? እነሱስ?» ወደ ሰዉ አመለከቱ። «ነገ ሲጮኽ የቱ እንደሆነ ሰው በምን ያውቃል?»

ስለ ቃሌ አላነሡም፤ ስለ አባቴም አላነሡም። «ኸላስ፣ በቃ፣ ሂድ» ብቻ አሉኝ።

የዚያኑ ዕለት አጠፋሁት፤ ከላፕቶፑም፣ መጠባበቂያ ከገለበጥኩበት ሲዲም። በዓሉ በአምስት ከበሮ አለፈ። አቶ ደባልቄ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ምንም የጎደለ አይመስልም» አሉኝ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ ከበሮው ጮኸ።

ከሩቅ ነው፣ በነፋስ ይመጣል። መጀመሪያ እኔም ደነገጥኩ፤ ላፕቶፔን ዘግቼ መውጣቴን በልቤ አረጋገጥኩ። ከዚያ አዳመጥኩ። አንዱ ምት ከበድ ያለ ነበር፣ ቀጣዩ ለዘብ ያለ፣ ሦስተኛው ትንሽ ዘገየ። የሰው እጅ ነበር፤ የኮምፒውተሬ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። ዙሪያዬን አየሁ። ቅቤ ሻጩ ቀና ብሎ ነበር፤ እኔን ሲያይ ፈገግ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

«የሕንዱ ልጅ መጣ» አለው ጎረቤቱን። «ሳጥኑን ኪሱ ከቶ ነው የሚዞረው።»

«እኔ አይደለሁም!» አልኩ። «እውነት ነው፣ ሰው ሞቷል! ሂዱ!»

ሳቁ። ከመደብ ወደ መደብ፣ የዚያን መንደር ሰዎች እየፈለግኩ ሮጥኩ። «ላፕቶፔ ቤት ነው፣ ኑ ላሳያችሁ፣ ድምፁን ስሙት እንጂ፣ እኩል አይደለም እኮ!» እኩል ያልሆነው ምን እንደሆነ ለማን ይገባዋል? አንዱ «ቁልፉን ንካና አጥፋልን፣ ጆሯችን ደከመ» አለኝ። ሀዋን ባምያዋ ፊት አገኘኋት። እግሯ ሥር ተንበረከክኩ ማለት ይቻላል።

«ሀዋ፣ በፈጠረሽ። ይሄ እውነተኛው ነው።»

ባምያዋን እየደረደረች አየችኝ። አልተቆጣችም።

«ያን ቀን ጄኔሬተር አልከኝ» አለች። «ዛሬስ ምን ትለኛለህ?»

ብቻዬን ሮጥኩ። መንደሩ ስደርስ አቶም ከበሮው ላይ ተደፍቶ ይመታል፤ ላቡ አንገቱ ላይ ይወርዳል፣ እጁ ዝሏል። የሞተችው እናቱ ናት። መቃብሩን የሚቆፍሩት ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱ ውስጥ አራቱ ሽማግሌዎች። ከአንዱ ሽማግሌ እጅ አካፋውን ተቀበልኩ።

ሼህ ኸሊፋ ከጉድጓዱ ጫፍ ቆመው ወደ ከተማው የሚወስደውን መንገድ ያዩ ነበር። አቶም መምታቱን አላቆመም። ብዙ ቆይተው፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

«ዛሬ ገበያ ሰው የለም?»

«ሞልቷል» አልኩ።