ድንጋይ የሚወድ አበባ

በእኛ ቀበሌ፣ ጎረቤላ ላይ፣ ድንጋዩ ያልተለቀመ መሬት የሰነፍ መሬት ነው። እኔ ደግሞ ከወንዝ ዳር በጆንያ ተሸክሜ ጓሮዬን ጠጠር አለበስኩት። ሰፈሩ «ለተጊዮርጊስ ለየላት» አለ። ይበል።

የዘራሁት የደወል አበባ ነው፤ በሰው አገር ተራራ ላይ፣ በአለት ስንጥቅ የሚበቅል፣ ቁመቱ ከጣት የማይበልጥ። ደብረ ብርሃን አበባ እርሻ የምትሠራ ጓደኛዬ ዘሩን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ የቀረውን ከስልኬ ተማርኩ። ፍግ ይገድለዋል፤ ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ብርድ ግን ይወዳል፤ ብርድ ደግሞ ከእኛ በላይ ማን አለው?

ለቀበሌው ችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ሲፈለግ አመለከትኩ። ኃላፊው አቶ ወርቅአገኘሁ ዲፕሎማውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከሥሩ የሚቀመጥ ሰው ነው።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ከስምንተኛ አቋርጫለሁ። ግን የደወል አበባ አብቅያለሁ።»

«ደወል ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። «እሺ፣ ዓርብ መጥቼ አያለሁ። ካበበልሽ ሥራው ያንቺ ነው።»

ሐሙስ አምስት ሰማያዊ ደወሎች ተከፈቱ። ዓርብ ጠዋት ውሃ ቀድቼ ስመለስ፣ ጎረቤቴ እትዬ ሥርጉት ጓሮዬ መሀል ቆመው እጃቸውን ያራግፋሉ። ጠጠር የለም። መደቡ በፍግ ጠቁሮ እንደ አዲስ መቃብር ተቆልሏል።

«እትዬ! ምን አደረጉ?»

«ምነው ለቴ፣ ሹም ሲመጣ በድንጋይ መሀል ያግኝሽ? ሰነፍ ይበልሽ? ለቅሜ ከአጥሩ ኋላ ጣልኩልሽ። አረሟንም ነቀልኳት።»

«አረሟን?»

«ሰማያዊዋን። ምስጋናው ይቅር።»

ወዲያው አቶ ወርቅአገኘሁ ገባ። መደቡን ዞረና ፍጉን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ።

«ይኼ ነው ሥራ! ለመድኃኒት እንኳ አንዲት ጠጠር የለችም! ሰኞ ሥራ ጀምሪ።»

«አበባውስ?»

«የምን አበባ? እኔ የማየው መደብ ነው።»

እትዬ ሥርጉት እልል አሉ። እኔ ምላሴ ላይ የነበረውን ቃል ከነእሾሁ ዋጥኩት፤ ደመወዝተኛ መሆን የሚጀምረው እንደዚህ ነው መሰለኝ።

ሁለቱም ሲሄዱ ከአጥሩ ኋላ ያለውን የጠጠር ክምር በረበርኩ። አበባዬ ተገኘች፤ በሥሯ አንዲት ጠጠር እንዳቀፈች፣ ከአምስቱ ደወሎች ሁለቱ አልረገፉም። እንዳለች ከጓሮዬ የድንጋይ ካብ ስንጥቅ ውስጥ ሸጎጥኳት።

ሰኞ የመጀመሪያው ትእዛዝ «የጣቢያውን ድንጋይ ልቀሚ» ሆነ። ለቀምኩ። ጆንያውን ተሸክሜ ስወጣ አቶ ወርቅአገኘሁ በር ላይ አገኘኝ።

«ወዴት ትወስጂዋለሽ?»

«ቆሻሻ አይደል? ልጥለው ነው፣ ከቤቴ ጓሮ።»

«ጎበዝ!» አለ። «ነገም ውሰጂ።»