ሰባተኛው የወሰን ድንጋይ

የአጥቢያችንን የኔዘርኮምን ወሰን ከእኔ ከሄድሊ በላይ የሚያውቅ የለም። እስከ ትናንት ድረስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

በየዓመቱ ዕርገት ሲቃረብ የአጥቢያችንን ዳርቻ እየዞርን የወሰን ድንጋዮቹን በአኻያ ዱላ እንመታለን። ድሮ ልጆች ቦታውን እንዳይረሱ ተዘቅዝቀው ጭንቅላታቸው ከድንጋዩ ጋር ይጋጭ ነበር። እኔን በሰባት ዓመቴ ሰባተኛው ድንጋይ ላይ ያጋጨኝ አባቴ ነው። ከዚያ ዙረቱ ለብዙ ዓመታት ተቋረጠና እኔ አግብቼ ቤት ከገዛሁ በኋላ እንደገና ተጀመረ። አሁን ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ በሕይወት ያለሁት ምስክር እኔ ብቻ ነኝ።

ሰባተኛው ድንጋይ ከቤቴ በታች፣ ከፖም ዛፎቹ ጀርባ ቆሟል፤ ቤቴ ከወሰኑ ውስጥ ነው ማለት ነው። ትናንት ሰዉ ሁሉ እዚያ ተሰብስቦ ሳለ የአጥቢያው ጸሐፊ ፕሩኔላ አሮጌ ካርታ ዘረጋች።

«አቶ ሄድሊ፣ አይቆጡኝና፣ እዚህ ላይ ድንጋዩ ከቤትዎ በላይ ነው። ቤትዎ የጎረቤት አጥቢያ ነው ማለት እኮ ነው።»

ክው አልኩ። የአጥቢያችን የመቃብር ቦታ እያለቀ ስለሆነ የአጥቢያው ነዋሪ ያልሆነ ሰው አይቀበርም። ባለቤቴ ሙሪየል እዚያ ተቀብራለች፤ ከጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ ለራሴ ነው የምጠብቀው።

«ካርታው ጭንቅላቱን አልተመታ! እኔ ነኝ የተመታሁት!» አልኳት።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። በልጅነቴ ያን ቀን ተዘቅዝቄ የቤተ ክርስቲያኑን የደወል ማማ አይቻለሁ። ጎንበስ ብዬ በእግሮቼ መሃል ብመለከት ጉብታው ከልሎታል፤ ማማ የለም። ካርታው ወዳሳየው ቦታ ወጥቼ ደግሜ ጎነበስኩ። ማማው ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ግራ ገባኝ። ድንጋይ በእግሩ አይሄድ! ወይስ የዞረው የእኔ ጭንቅላት ነው?

የሙሪየል ወንድም ክሌመንት ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እኔና ሙሪየል ነን ድንጋዩን ያወረድነው። ቤቱን የገዛችሁ ሰሞን፣ አንተ ገበያ ሄደህ። ‹ማዶ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር አልቀበርም፤ ሄድሊንም ለእነሱ አልሰጥም› ብላ አስጨነቀችኝ። ወገቤን እስካሁን ያመኛል።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ዝም አልክ?»

«አስምላኛለች እኮ!»

ልቆጣ ወይስ ላልቅስ አላወቅኩም። ፕሩኔላ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀችኝ።

«በልማዳችን ከካርታው ይልቅ የሚጻፈው የምስክሩ፣ የእርስዎ ቃል ነው። ጭንቅላትዎ የተጋጨው የት ነበር?»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«ቆይ!» አለ ክሌመንት። «ሽማግሌው ረስቷል። የረሳ ሰው ምን ይደረጋል?»

ሰዉ ተሳሳቀ። ሁለት ጎረቤቶቼ ተሸክመው ወደ ታች ወሰዱኝ፤ ቀስ ብለው ዘቀዘቁኝና አናቴን ሙሪየል ካወረደችው ድንጋይ ጋር አስነኩት።

«አሁንስ የት ነው?» አለች ፕሩኔላ።

«እዚህ» አልኩ። ተዘቅዝቄ ስለነበር እንባዬ ወደ ግንባሬ ወረደ።