ስንዝር ውሃ

ጸጉር አስተካካዩን ከጉድጓዱ ለማውጣት አራት ለቀስተኛና አንድ ገመድ አስፈለገ። ሰውዬው ምንም አልሆነም። ጓሮ ከተደረደሩት ወንበሮች ባንዱ ላይ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ፣ ለአዲስ መጪ ቦታ ልልቀቅ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸት ሲል ወንበሩም እሱም ሻዩም ተያይዘው ወረዱ። ታች በታቆረው የዝናብ ውሃ መሐል ቆሞ ግድግዳውን በሁለት እጁ ቢቧጥጥ የሚጨብጠው አጣ። ሟቹ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር፤ እሱ የቆፈረው ሁሉ ቀጥ ብሎ እንደሚወርድ ሰፈሩ ያውቃል። ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነውና ሴቶቹ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያየ ግን ልቅሶ ነው ብሎ አይሳሳትም።

የሟቹ ታላቅ ወንድም አልሳቀም። ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከቀብር መልስ ጀምሮ ሰው የሚቀበለውም፣ ወንበር የሚደረድረውም እሱ ነበር። ጭቃ የለበሰውን ሰው አየ፣ ጉድጓዱን አየ።

“ነገ ይደፈናል” አለ። “አንድ ሞት ይበቃናል።”

የሟቹ ሚስት ይህን ስትሰማ ልቧ ዘለለ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከቀብሩ ወዲህ “እግዜር ያጥናሽ” ላሏት ሁሉ ራሷን ከመነቅነቅ በቀር ቃል አልወጣትም ነበር። አሁን ልቧን ያዘለለው ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ይህንንም ለራሷ ለማመን አፈረች። ጸጉር አስተካካዩ ግድግዳውን ሲቧጥጥ ባየች ጊዜ ሆዷ “አላልኩህም?” ብሎ ነበር። የክረምቱ ክርክሯ ምስክር በገዛ ወንበሩ ተንሸራቶ መጣላት፤ የምትረታው ሰው ግን የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤታቸው ጀርባ ድሮ ረግረግ ነበር። በተጋቡበት ዘመን እንቁራሪቱ ሲንጫጫበት ያድር ነበር። በኋላ ረግረጉ ተሞልቶ ቤት ተሠራበትና ጸጥ አለ። አንድ ማለዳ ቁርስ ላይ “ዝምታው እንቅልፍ ነሳኝ” አለችው፤ ለወሬ ያህል ነው እንጂ ምንም አልጠየቀችውም። እሱ ስጦታ የሚባል ነገር አያውቅበትም፤ በተጫጩበት ሰሞን ያመጣላት ባልዲ ነበር፣ ያውም ከሥራ የተረፈ። በሳምንቱ ግን አካፋውን ይዞ ጓሮ ገባ። እንቁራሪትና የውሃ ተርብ የሚመጣበት፣ ወፍ የሚጠጣበት ኩሬ ሊቆፍርላት ነው።

ቆፈረላት። እስከ ደረቱ ድረስ ቆፈረላት። እጁ ሌላ ነገር አያውቅምና ዳሩን እንደ ውሃ ጉድጓድ ቀጥ አድርጎ አወረደው። ከዚያ ደንገል በቆርቆሮ ተክሎ ታች አስቀመጠ፤ ዝናቡ ሲሞላው ደንገሉ ከነቆርቆሮው ሰጥሞ በሰበሰ። እሷ ሳቀችበት። ስቃም አልቀረች፣ ቁራጭ ጨርቅ አምጥታ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አነጠፈችና ከአፉ ዝቅ ብላ ዙሪያውን አንድ እጥፋት ያዘችለት። ተክል የሚቆመው እዚህ እጥፋት ላይ ነው አለችው፣ ከውሃው ፊት ስንዝር ብቻ ዝቅ ብሎ። ወፍ የምትታጠበውም እዚሁ ነው፤ የገባ ነፍስ ሁሉ የሚወጣውም በዚሁ ነው። ለኩሬው ብሎ የገዛው ጥቅልል ላስቲክም እንደማያጥረው አስረዳችው፤ እጥፋቱ ወደ ውስጥ ከተያዘ ጨርቅ አይጨምርም።

ወደ ውስጥ ማለት ግን አፈር መመለስ ማለት ነው። ጉድጓድ ቆፋሪው እዚህ ላይ እንደ በቅሎ ቆመ።

“እኔ ቆፍሬ መልሼ አላውቅም” አላት። “ተቆፍሮ የሚሞላ መቃብር ብቻ ነው።”

ክረምቱን ሙሉ ተከራከሩ። እራት ላይ ይጀምራሉ፣ መብራት አጥፍተው ይቀጥላሉ። ጎረቤት የተጣሉ መስሎት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ሊልክ ነበር፤ እነሱ ግን ደስ ብሏቸው ነበር የሚከራከሩት። የመጨረሻዋንም ምሽት እንዲሁ አመሹ። እሷ “እንግዲያው ያንተ ጉድጓድ ነው እንጂ የኔ ኩሬ አይደለም” ብላው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በማግስቱ ሥራ ላይ ሳለ ልቡ ቀጥ አለ። ያቺን ቃል ጉሮሮዋ ውስጥ ይዛ ነው ለቅሶ የተቀመጠችው።

ጸጉር አስተካካዩ በወደቀ ማግስት ታላቅ ወንድሙ ቃሉን ጠበቀ። የሟቹን ባልደረቦች አካፋ አስይዞ አመጣ። ከፊት የሚሄደው ገመድ ያዡ ነው፤ ሟቹ ጉድጓድ ውስጥ በወረደ ቁጥር ከላይ ሆኖ ገመዱን የሚይዝለት፣ ሕይወቱን በእጁ የያዘለት ሰው። ሰዎቹ ከአፈሩ ክምር አጠገብ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። የጓደኛቸውን የመጨረሻ ሥራ መድፈን አልጣማቸውም።

ሚስትየው ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ከስፌት መኪናዋ ላይ ሜትሯን አንስታ አንገቷ ላይ ጣለች፣ የልብስ ጠመኔዋን ያዘች፣ በጥቁር ልብሷ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረሰች። ከኋላዋ ሹክሹክታ ተነሳ። ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ፣ አንድ ሰው ይያዛት ተባለ።

“እህቴ፣ ተይ ተቀመጪ” አላት ታላቅ ወንድሙ።

“ጋሼ፣ እርስዎ የሚፈሩት ሰው ገብቶ እንዳይቀር ነው?”

“ሌላ ምን እፈራለሁ?”

“እንግዲያው አፈሩን ይጨምሩት፣ ግን እኔ በማሳይዎት ቦታ ብቻ። ዳር ዳሩን ስንዝር ጥልቀት ካደረግነው የገባ ሁሉ ረግጦ ይወጣል። እንቁራሪቱም፣ ጸጉር አስተካካዩም።”

ከወንበሮቹ መሐል አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ታላቅ ወንድሙ አልተሸነፈም። የተመለሰ አፈር ውሃ ሲነካው እንደሚናድ፣ እሱ በመንገድ ሥራ ላይ አፈር ሲያመላልስ ስንት ጊዜ እንዳየ ተናገረ። ነገሩ እውነት ነበረው። ስለ ጨርቅ ቢሆን ልብስ ሰፊዋ ትመልስለት ነበር።

“አይናድም” አለ ገመድ ያዡ። “እሱ ሞክሮታል።”

ሁሉም ዞሮ አየው። ገመድ ያዡ ንግግር አይወድም፤ አካፋውን መሬት ላይ ተክሎ እሱን እያየ ነው የቀጠለው።

“ከሥራ ቦታችን አጠገብ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ ዳሩን በአፈር ይመልሰው ነበር። እርጥብ እያደረገ፣ በስሱ በስሱ እየደቀደቀ። ውሃ ያፈስበትና ቁጭ ብሎ ያየዋል። ሲናድ እንደገና ይጀምራል፤ በመጨረሻ ቆመለት። ‘አሞሃል ወይ?’ ስለው፣ ‘ተረትቻለሁ፣ ግን ሠርቼ እስካሳያት እንዳትነግራት፣ ትኮራብኛለች’ አለኝ።”

“መቼ ነው ተረትቻለሁ ያለህ?” አለችው ልብስ ሰፊዋ።

“ኧረ ሰንብቷል። ክረምቱ መሐል ላይ።”

ልብስ ሰፊዋ አሰበችው። እንግዲህ እነዚያን ሁሉ ምሽቶች የተከራከራት ተረትቶ ነው፤ ክርክሩ ስለጣመው ብቻ። የመጨረሻዋንም ምሽት፣ ፊቷን ስታዞርበት፣ ጨለማው ውስጥ ተጋድሞ ሳይስቅባት አልቀረም። ጥቁር ለብሳ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ጮክ ብላ ሳቀች። “አንተ ሌባ” አለች ለማንም ሳይሆን።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቆማት? የታቆረውን ውሃ በባልዲ አስጨለፈች። እርከኑ የሚደርስበትን ግድግዳው ላይ በጠመኔዋ ዙሪያውን አሰመረች። ገመድ ያዡ በስሱ በስሱ ይደቀድቃል፣ እሷ በሜትሯ ትለካለች፣ ሾፌሩ አፈር ያቀብላል። መጀመሪያ ፊቱን አጥቁሮ ነበር፤ ቆየት ብሎ ግን “እዚህ ጋ ጎደለ” እያለ ማዘዝ ጀመረ። በአንድ ወገን እርከኑን ትታ፣ እንቁራሪት እየተራመደች እንድትገባ፣ ከሣሩ ጀምሮ ቀስ ብሎ የሚወርድ አደረገችው። ውሃ የሞላው ቱቦ ከዳር ዳር ተዘርግቶ አፉ ዙሪያውን እኩል መሆኑ ታየ። ላስቲኩ ተነጠፈ፤ እንዳለችውም አላጠረም። በእርከኑ ጫፍ ጫፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደረደረ፣ ለተክሎቹ የሚጨመረው አፈር ወደ ጥልቁ እንዳይንሸራተት። ሊያለቅሱ የመጡ ሰዎች ከበር ሲገቡ ቤተ ዘመዱን ጭቃ በጭቃ ሆኖ ያገኙታል፤ አፋቸውን ለልቅሶ ከፍተው ይቆሙና፣ ግራ ሲገባቸው ቦርሳቸውን አስቀምጠው ድንጋይ ያነሳሉ። ጸጉር አስተካካዩ የጉድጓዱን ጠባይ የሚያውቅ እሱ ብቻ እንደሆነ እየተናገረ ከሁሉ በላይ ይዞር ነበር።

ከሰዓት በኋላ ውሃ ተለቀቀ። መሐሉ ሞላ፣ ድንጋዮቹን አለፈ፣ እርከኑ ላይ በስሱ ተንሸራቶ ወጣ። ውሃው ቢደፈርስም አፈሩ አልተናደም። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ሰብስባ ዳሩ ላይ ተንበረከከችና አውራ ጣቷን አፈሩ ላይ፣ ትንሿን ጣቷን የውሃው ፊት ላይ አድርጋ ለካችው። ልክ ስንዝር ነው። ባልደረቦቹ ከወንዝ ዳር ነቅለው ያመጡትን ደንገል ተቀብላ ሥሩን አፈሩ ውስጥ ሰደደችው። ለቀቀችው። ደንገሉ ወደ ግራ ዘመም አለ፣ ተመለሰ፣ ቆመ።

ደስታው አቅሏን አሳታት። ፊቷን ወደ ቤቱ አዙራ፣ ጭቃ የለበሰ እጇን ከፍ አድርጋ እያውለበለበች፣

“አንተ! ና እየው፣ ቆመልኝ!” አለች።

የጠራችው ማንን እንደሆነ ለሁሉም ግልጽ ነበር። እሷ ግን ድምፅዋን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። እጇን ማውረድ አቃታት። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፣ ገመድ ያዡ ወደ አጥሩ ዞረ። የበሩ መጋረጃ ባለበት ተንጠልጥሎ ነበር።

“አቤት” አለ ታላቅ ወንድሙ።

አካፋውን አጋድሞ መጣ። እየከበደው ከጎኗ ተንበረከከ፣ እጅጌውን ሳይሰበስብ ሁለት እጁን ውሃው ውስጥ ከተተ። እሷም እጇን አወረደች። የደንገሉን ሥር እሷ በአንድ ወገን፣ እሱ በሌላው ወገን ይዘው ጫን ጫን አደረጉት።