የአባቷ ፍንጭት

ደግሞ ወለቀች፣ ያችው ፍንጭት ለመዝጋት የፊት ጥርስ ላይ የተለጠፈችው፣ ምስር የምታክል ብረት፣ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ሐኪሙ በወረንጦ ይዞ መብራት ስር ያገላብጣታል፣ እናትየው ቦርሳዋን ታቅፋ ልጅቷ ከተጋደመችበት ወንበር ግርጌ ቆማለች፣ ምን በልታ ነው ዶክተር፣ ከረሜላ እንኳ ከቤት አጥፍቻለሁ እኮ፣ ምግብ አይደለም እህቴ፣ በጥፍር ነው የተፈነቀለችው፣ ጠርዟን ይዩ።

በጥፍር። ልጅቷ ከንፈሯን ገጥማ ጣሪያውን ታያለች፣ ቁርጥ አባቷን፣ እሱም ሲጠየቅ ጣሪያ ጣሪያውን ነበር፣ ሲሄድ ፍንጭቱን ከነአሳሳቁ ለልጅቷ ጥሎላት ሄደ፣ ሌላ ምን ጣለ፣ ምንም፣ ጠዋት ጠዋት እናትየው ፊት ተቀምጦ ዳቦ የሚገምጠው የሱ ጥርስ ነው። የእናትየው እህት ደግሞ ትላለች፣ አንቺ በፍንጭቱ ገባሽ፣ እሱ በፍንጭቱ ሾልኮ ወጣ፣ ቤቱ በሳቅ ያውካካል፣ እሷም ትስቃለች፣ የጥርስ ሳቅ፣ ሆዷ እያረረ። ፍንጭቱ ይዘጋ ያለች ዕለት ለልጅቷ ጤና ነው አለች፣ ለልጅ ጤና የተባለውን ማን ይጠራጠራል።

ለምንድን ነው የምትነቅያት የኔ ቆንጆ፣ ይላል ሐኪሙ፣ ልጅቷ ለእሱ ነው የምትመልሰው፣ ለእናቷ አይደለም፣ ፍንጭቴ ከተዘጋ አባባ ሲመጣ በምን ያውቀኛል?

ሲመጣ። ሩቅ አገር ለሥራ ሄዷል፣ ይመጣል፣ የማን ቃል ነው፣ የእናትየው፣ ስታስተኛት ስትቀሰቅሳት የደጋገመችው፣ ሰውዬው ግን በአንድ አውቶቡስ በሚደረስበት ሰፈር ሌላ ትዳር፣ ሌላ ልጅ ይዞ ተቀምጧል፣ ያም ልጅ ፍንጭት ይኖረው ይሆናል፣ ይኑረዋ፣ ምን አገባት፣ ያገባታል እንጂ።

ልለጥፋት?

ይለጥፏት።

የከንፈር መወጠሪያው ፕላስቲክ ይገባል፣ አፏ እንደ መስኮት ይከፈታል፣ ጥጥ፣ አየር፣ እንዳትናገሪ እሺ፣ ምራቅ ከነካው አይዝም፣ ማጣበቂያውን ቀብቶ ብረቷን ያሳርፋታል፣ እናትየው ታያለች፣ ልጅቷ አሁን መልስ መስጠት አትችልም፣ አሁን ለምን ማለት አትችልም፣ እናትየው ይህን እያሰበች መሆኗን ታውቃለች፣ ታፍራለች፣ እያፈረች ጎንበስ ትላለች። አይመጣም የኔ ልጅ። አባትሽ አይመጣም።

የሐኪሙ እጅ ቀጥ ይላል። ከልጅቷ ጉሮሮ አንድ ድምፅ ይወጣል፣ ቃል አይደለም፣ ቃል ለመሆን የሚገጠም ከንፈር ይፈልጋል። እንዳትንቀሳቀሺ፣ ሐኪሙ ማጣበቂያውን የሚያደርቀውን ሰማያዊ መብራት ያበራል፣ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወደ ፀጉሯ ይወርዳል፣ ጥርሱ ጋ አይደርስም።

አሁን ይይዛል፣ ይላል ሐኪሙ፣ ማናቸውንም ሳያይ።