አንቴናው ወደ ጎባ የዞረ ዕለት

በግድግዳ የሚያልፍ ነገር በሰው ሥጋ ሲያልፍ ምን ያደርጋል? የልጅ ልጄን መርዋን ጠየቅኳት፤ ሳቀች። ሼኹን ጠየቅኳቸው፤ «አላህ ያውቃል» አሉኝ። ጎረቤቴን ቀመርን ጠየቅኩት፤ ባለሱቅ ስለሆነ የማያውቀው ነገር የለም። «እማማ ዙቤዳ፣ በእርስዎ በኩል ካለፈማ የሚጎዳው እሱ ራሱ ነው» አለኝ። እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ቀልድ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ጭንቀቴ ወዲህ ነው። ከጎባ በላይ፣ ጭጋግ በማይለየው ተራራ ላይ፣ የቴሌቪዥን ማሰራጫ ቆሟል። ረጅም የብረት ማማ ነው። ሰማዩ ሲጠራ እዚህ ሮቤ፣ ግቢያችን ቆሞ ላየው እንደ መርፌ ይታያል። መርዋ ኤሌክትሮኒክስ ተምራ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ከቆየች በኋላ እዚያ ማማ ሥር በቴክኒሻንነት ተቀጠረች። አሥራ አምስት ቀን ተራራ ላይ፣ አሥራ አምስት ቀን ቤት። ሰፈሩ በሙሉ «ማሻ አላህ» አለ። እኔን ግን እህል አልወርድ አለኝ።

የመርዋን አያት፣ ባለቤቴን ቦሩን፣ የወሰደው መብረቅ ነው። በዚያው ተራራ ግርጌ ፈረሱን እየጎተተ ሲመለስ አገኘው። ፈረሱ ተረፈ። ታዲያ መብረቅ መንገደኛ ገበሬን ካልማረ፣ ብረት ተክለው ሰማይ የሚነካኩትንማ እንዴት ያልፋቸዋል?

በእኛ ቤት ሰው ሥራ ሲጀምር ወይም ሩቅ ሲሄድ ምርቃት ሳይቀበል ከደጅ አይወጣም። የተቀበለ ሰው ደግሞ «አሚን» ካለ በኋላ የአጥሩን በር እስኪያልፍ ድረስ ቃል አይተነፍስም። እናቴ «ምርቃት አፍ ውስጥ እንደተያዘ ውሃ ነው፤ ያወራ ያፈሰዋል» ትል ነበር። ሰው ይስቅብን ይሆናል፤ ይሳቅ። ቦሩ ያን ቀን ምርቃቱን ተቀብሎ፣ ደፉ ላይ ደርሶ ዞረና «ገመዷን አቀብይኝ» አለኝ። አቀበልኩት። ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺ ገመድ ከእጄ አልወጣችም።

መርዋ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ ሳልመርቃት አትሄድም። እኔም ለዚሁ ስል አልመርቃት አልኩ። ሐሙስ ራሴን አመመኝ። ዓርብ «ከጁምዓ በኋላ» አልኳት፤ ከጁምዓ በኋላ ደግሞ ዶሮ ጠፋችብኝ ብዬ ሰፈሩን ስዞር ዋልኩ። ዶሮዋ አልጠፋችም። ቅዳሜ ደረሰ። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስዳታል፤ ካልወጣች ቦታው ለሌላ ሰው ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ቴሌቪዥናችን አበደ።

በአንድ ለአምስት ስብሰባችን ላይ የቀበሌው ሰው መጥቶ አሮጌው ሥርጭት ሊቀር ነው፣ ከእንግዲህ በዲጂታል ነው የሚመጣው፣ ለእሱም ትንሽ ሳጥን ያስፈልጋል ብሎ ነግሮን ነበር። ቀመር ሳምንት ሳይሞላ ሳጥኖቹን ከሻሸመኔ አመጣ። በየግቢያችን የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተክሎ አንቴና ሰቀለልን። አሥራ አንድ ቤት። ሁሉንም ወደ ሸዋ አዙሮ አሰረው። «ቴሌቪዥኑ ያለው አዲስ አበባ ነው» አለ፤ ማን ይከራከረዋል? እኔማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወደ ቂብላም ጠጋ ይላል።

ግን ከሳጥኑ የሚመጣው ሰው ጤና የለውም። ዜና አንባቢው ትንንሽ ካሬ እየሆነ ይበተናል፤ አፉ ግንባሩ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ድርቅ ይላል። ሲደምንማ «ሲግናል የለም» ብሎ ይጠቁራል። ያን ጠዋት አንዲት ሴት ስለ ስንዴ ዋግ ስታስረዳ ግማሽ ፊቷ ቀርቶ ግማሹ ሄደ።

«አዑዙ ቢላህ!» ብዬ ብድግ አልኩ። «መርዋ፣ አየሽ? ልትጠብቂው የምትሄጂው ይህን ነው? ሰው የሚበትን ነገር?»

«አኮ፣ ማማው አይደለም የበተናት» አለችኝ። በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው፤ ስታባብለኝ ትደጋግመዋለች። «አንቴናችን ጀርባውን ስለሰጠው ነው።»

«ለማን?»

«ለተራራው። ሥዕሉ ከአዲስ አበባ መጥቶ መጀመሪያ እዚያ ተራራ ላይ ያርፋል። ለእኛ የሚልክልን የእኛው ማማ ነው። ኦቦ ቀመር ጎረቤቱን ትቶ ሸዋ ድረስ ይጣራል።»

ቀመር ለካ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ይሰማል። «ኧረ! ትናንት ተቀጥራ ዛሬ አስተማሪ ሆነች?» አለ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ዲሽ ስሰቅል አንቺ ጡት አልጣልሽም።»

«ዲሽ ሰማይ ነው የሚያየው። ይሄ ጎረቤት ነው የሚያየው።»

«አሥራ አንድ ቤት ተሳስቷል ልትዪኝ ነው?»

«አንድ ሰው ነው የተሳሳተው፤ አሥራ አንድ ጊዜ።»

ቀመር ሳቁን መያዝ አቃተው። «አዙሩት እንግዲህ! ካልሠራ እኔ መጥቼ አልመልሰውም።»

ምሰሶው በሁለት ገመድ ከአጥሩ ጋር የታሰረ ነው፤ ገመዱ ከላላ በእጅ ይዞራል። መርዋ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚወጣውን የጥራት ቁጥር ልታነብ ቤት ገባች። እኔ ምሰሶውን አቀፍኩት።

«ቀስ እያሉ ያዙሩት፣ አኮ! የጣት ያህል ብቻ!»

«ቢስሚላህ» ብዬ ገፋሁ።

«ጥራት አሥራ ሁለት! ይቀጥሉ! ዘጠኝ! አይፍሩ፣ ይቀጥሉ!»

ቂብላን ለቆ ሲዞር «አስተግፊሩላህ» ስል ቀመር ሰማኝ። «አይዞዎት፣ አንቴና አይሰግድም» አለ። ፊቴን ወደ ጎባ መንገድ አዞርኩ፤ አንቴናውም ከእኔ ጋር ዞረ።

«ሠላሳ! ሃምሳ አምስት! ሰባ! ትንሽ ብቻ! ሰማንያ ስምንት! በቃ፣ አይንኩት!»

ከዚያ ከቤት ድምፅ ጠፋ። ደንግጬ ሮጥኩ።

ሱብሃን አላህ። ያቺ ሴት ሙሉ ሆና ተቀምጣለች። የሻሿ ክር ይቆጠራል። የያዘችውን የስንዴ ቅጠል ስትነካው ቢጫው ዋግ ጣቷ ላይ እንደ ዱቄት ሲቀር አየሁ። እዚሁ ሮቤ ማሳ ዳር ቆማ ብታሳየኝ እንኳ ዓይኔ ይህን ያህል አያይም። ቁጭ ማለት አቃተኝ። ከተራራው እስከ ቤቴ ሽቦ የለ፣ ገመድ የለ።

ተመልሼ ወጣሁ። ተራራው ጭልጥ ብሎ በጭጋግ ተውጧል፤ ማማው አይታይም። ሴትዮዋ ግን ከዚያ ጭጋግ ውስጥ ነው የወጣችው፤ ሳትረጥብ። በጎባ ከተማ ላይ፣ በስንዴው ማሳ ላይ፣ በጋሪዎቹና በባጃጆቹ ላይ አልፋ መጥታለች፤ ቀና ብሎ ያያት ሰው የለም። እጄን ወደ አንቴናው ፊት ዘረጋሁ። ነፋስ ብቻ። በመስኮቱ አየሁ፤ አልተቋረጠችም። በጣቶቼ መካከል ይሁን በአጥንቴ፣ በእኔ በኩል አልፋ ገብታለች። እጄን አገላብጬ አየሁት። ያው የድሮው እጄ ነው።

መርዋ መቆጣጠሪያውን እየተጫነች ሌላ ቻናል፣ ሌላ ቻናል አሳየችኝ። አንዱ ኳስ ነው፤ አንዱ በኦሮምኛ ያወራል።

«ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚመጣው?»

«አንድ ላይ። ዲንሾ የሚወርደውም ሻሸመኔ የሚወርደውም በአንድ ሚኒባስ ይሳፈር የለ? ሳጥኑ ረዳቱ ነው፤ ሁሉንም በየቦታው ያወርዳል።»

ከዚያ የፈራሁትን ጠየቅኩ። «መብረቁስ?»

«ይመታል» አለችኝ። አልሸሸገችኝም። «ማማውን በየክረምቱ ይመታዋል። ለዚህ ነው ከጫፉ እስከ መሬት ወፍራም መዳብ የተዘረጋለት። መብረቁ በመዳቡ ወርዶ መሬት ይገባል። ሰማይ ሲያጉረመርም ለእኛ ከቤት መውጣት ክልክል ነው።»

«ታዲያ ሥዕሉ ካለ አንቺ ደህና ነሽ ማለት ነው?»

አዎ ብትለኝ ይበቃኝ ነበር፤ ያን ሳጥን እያየሁ እውል ነበር። እሷ ግን አሰበች።

«አይደለም፣ አኮ። አልዋሽዎትም። ማሽኑ ብቻውንም ይሠራል። ሥዕሉ ስላለ ደህና ነኝ ማለት አይደለም፤ ስለጠፋም አንድ ነገር ሆኛለሁ ማለት አይደለም። ሲጠፋ ግን የምነሣው እኔ ነኝ። ከዲንሾ እስከ ጎሮ ቤቱ ሁሉ ሲጠቁር፣ የማበራው እኔ ነኝ።»

ይህን ስትል ትንሿ መርዋ አልነበረችም። ከጎሮ ገበያ መልስ ቀሚሴን ይዛ የምታለቅሰዋን ልጅ ፊቷ ላይ ፈለግኳት፤ አጣኋት። ውሸት ነግራኝ ቢሆን ኖሮ አልለቃትም ነበር። እውነቱን ስትነግረኝ ምን ይዤ ላስቀራት?

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቦርሳዋን በሩ አጠገብ አስቀምጣ ፊቴ ቆመች።

«መኪናው ሊመጣ ነው፣ አኮ።»

«እሺ እንግዲህ… አላህ ያውቃል፤ ሂጂ» አልኳት።

አልተንቀሳቀሰችም። «አሮጌው ቴሌቪዥን ሲደክመው ነጭ በረዶ እያዘነበም ቢሆን ያሳየን ነበር» አለች መሬት መሬቱን እያየች። «ይሄኛው ግን ወይ ሙሉ ይመጣል፣ ወይ አይመጣም።»

ገባኝ፤ የምትለው ምርቃቱን ነው። ተነሣሁ። መዳፎቼን ዘረጋሁ።

«አላህ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። ጭጋጉ ይገለጥልሽ። ብረቱ ይታዘዝሽ። መብረቁ በመዳቡ ይውረድ፤ መንገዱን አይሳት፤ አንቺን አይወቅሽ። የጠቆረው በእጅሽ ይብራ። የሄድሽበት ቤት ይሙቅሽ። ነጋያን ገሊ፣ የኔ ልጅ። በሰላም ግቢ።»

«አሚን» አለች።

«አሚን!» አለ ቀመርም ከአጥሩ ማዶ። የራሱን ምሰሶ አቅፎ ወደ ጎባ ሊያዞር እየታገለ ነው።

የመኪናው ጡሩምባ ተሰማ። መርዋ ቦርሳዋን አነሣች። ደፉ ላይ ደረሰችና ቆመች። ዞረች።

ወንበሩ ላይ ሹራቧ ቀርቷል፤ ለተራራው ብርድ ብዬ እኔው ከጎባ ገበያ የገዛሁላት ወፍራም ሹራብ። አየችው። እኔም አየሁት። ከንፈሯ ተላቀቀ። የቦሩ ገመድ መዳፌን ስትከረክረኝ ተሰማኝ።

መርዋ ከንፈሯን መልሳ ገጠመች። በዓይኗ ብቻ ወደ ወንበሩ ጠቆመችኝ።

ሹራቡን አነሣሁ። እጄን ዘርግቼ ሳላቀብላት፣ እዚያው ደፉ ድረስ ሄጄ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት። ዓይኖቿ ሳቁ። ጉንጮቿ ውሃ እንደያዘ ሕፃን ተነፍተው፣ አፏን ጥርቅም አድርጋ ወጣች።