ያልተነበበ ውጤት

«ዝም በሉ እስቲ፣ ልታነብ ነው!» አሉ አቶ ቦና፣ የፉል ጭልፋውን እንደያዙ እጃቸውን አንስተው።

በካምፓላ ካባላጋላ ሰፈር መንገድ ዳር ያለችው ጠባብ ቁርስ ቤት ጸጥ አለች። ቦዳ የሚባለውን የታክሲ ሞተር ሳይክላቸውን ደጅ አቁመው በመስኮት የሚያዩት ሾፌሮች ሳይቀሩ ወሬያቸውን አቋረጡ። በቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዲት ሸበቶ ሴት፣ የአንዲት ትንሽ የአሜሪካ አውራጃ የምርጫ ኃላፊ፣ ከጡብ ሕንጻ በር ፊት ቆማለች። ካምፓላ ነግቶ ፀሐይ ጠንክራለች፤ እሷ ዘንድ ገና ጨለማ ነው፤ ትንፋሿ በብርዱ ውስጥ ይታያል። በግራዋ የአንዱ ፓርቲ ታዛቢ፣ በቀኟ የሌላው ቆመዋል። መነጽሯን አስተካክላ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ አነበበች። ስትጨርስ ጋዜጠኛው ማይኩን አስጠጋና፣ እርስዎ ራስዎ እዚህ የተሸነፈው ፓርቲ አባል አይደሉም ወይ ሲል ጠየቃት።

«ነኝ» አለች ሴትዮዋ። «ወረቀቱ ግን የማንም አባል አይደለም።»

ይህን ብላ ወረቀቱን በሩ ላይ ለጠፈችና ወደ ውስጥ ተመለሰች።

አቶ ቦና ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ከተቱት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አያችሁ? ለጠፈችው እኮ! ማንም መንገደኛ መጥቶ እንዲያነበው በር ላይ ለጠፈችው!»

ጥግ ላይ የተቀመጠው ሕሩይ የፉል ሳህኑን ገፋ አደረገ።

ሕሩይ ኪኩቦ ገበያ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ይጠግናል። ዕድሜው ሃምሳ አራት ነው፤ ሚስትም ልጅም የለውም። አራት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ቁርሱን የሚበላው እዚህ ነው። ሰዉ የፉሉ ጣዕም የሚያመላልሰው ይመስለዋል። ከዚህ ሙያ በፊት ግን ከጅማ ወዲያ ባለች የገጠር ከተማ የሂሳብ አስተማሪ ነበር፤ በአንድ የምርጫ ዓመትም የአንድ ምርጫ ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። በዚያ ምርጫ፣ በእንስራ ምልክት በግል የተወዳደሩ አንድ የእህል ነጋዴ ነበሩ። ፎቶግራፋቸው በየሱቁ ግድግዳና በየዛፉ ግንድ ላይ ተለጥፎ ስለከረመ፣ ሕሩይ ካምፓላ ገብቶ ወደዚህች ቤት ጎራ ባለበት ቀን፣ ጠጉራቸው ቢነጣም፣ አቶ ቦናን ወዲያው ለያቸው። እሳቸው አላወቁትም። በምርጫ ክልሉ ከመቶ በላይ ጣቢያ ነበር፤ የእያንዳንዱን ኃላፊ ከየት ያውቁታል?

ያን ቀን ቆጠራው አልቆ ሕሩይ ውጤቱን ለሕዝቡ ሊያነብ ወደ በሩ ሲያመራ ሁለት ሰዎች በመኪና መጡ። አልጮሁበትም፤ እጃቸውንም አላነሱበትም። እንዲያውም «መምህር» እያሉ በትሕትና ነበር ያናገሩት። ባዶ ቅጽ ሰጥተው የአቶ ቦናን ቁጥር ለተቀናቃኛቸው፣ የተቀናቃኛቸውን ለአቶ ቦና ገልብጦ እንዲሞላ ነገሩት። የእናቱ ቤት የት ሰፈር እንደሆነ፣ ግቢዋ ውስጥ ምን ዛፍ እንዳለ ሳይቀር ጨዋታ አስመስለው አነሱበት። ፈረመ። ደጅ ሲጠብቅ የዋለው ሕዝብ ምንም ሳይነበብለት ተበተነ። አቶ ቦና ተሸንፈዋል ተባሉ፤ አቤት ባሉ ጊዜም ታሰሩ። ሕሩይ በዓመቱ ማስተማሩን ተወ፤ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ላይ ቁጥር መጻፍ አቃተው። ከዚያ ወዲህ አገር አስጥሎ ያስወጣው ሌላም መከራ ደርሶበታል፤ እንደዚያች ፊርማ የከበደው ግን የለም።

«ጋሽ ቦና፣ እርስዎ ደግሞ አሜሪካን መልአክ አደረጓት!» አለ ሙሐመድሰዒድ። ከወሎ የመጣ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ነገር ይወዳል፣ ልቡ ግን ደግ ነው። «አንዴ ተሸንፈናል አንልም ብለው ምክር ቤታቸውን ሰብረው ገብተው የለም እንዴ? እዚችው ቲቪ ላይ አይደል ያየነው?»

«ገብተዋል፤ አይቻለሁ» አሉ አቶ ቦና። «ግን ማታውኑ ተመልሰው ተሰብስበው ቆጠራውን አልጨረሱም? የተሰበረው መስታወት ሳይጠረግ ቆጠሩ! እኔን የገረመኝ እሱ ነው።»

በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ የሚያዳምጠው ቦዳ ነጂ ነገሩ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀና ሲነገረው ሳቀ። «እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤» አለ በእንግሊዝኛ፣ «ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቀው ፕሬዝዳንት አንድ ነው።» ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አቶ ቦናም ሳቁ፤ ዓይናቸውን ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ካለው የአሜሪካ ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ ካርታ ላይ አላነሱም። ካርታው ቀስ በቀስ ወደ አንድ ቀለም እያደላ ነበር።

«የሆነስ ሆነና፣ ዛሬ ቆጥረው በር የሚዘጉት በእርስዎ ላይ ነው» አለ ሙሐመድሰዒድ፤ ወዲያውም በተናገረው አፈረ።

«አንተ ሰው፣ ምናለ ዝም ብትል!» አሉ ወይዘሮ ሲቲና፣ የአቶ ቦና ባለቤት፣ ከጓዳ ሆነው።

ነገሩን ካባላጋላ ያለ አበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ልጃቸው ተስኒም ሚኒሶታ ናት፤ እዚያ አግብታ ሴት ልጅ ወልዳለች። የአቶ ቦናና የወይዘሮ ሲቲና ወደ አሜሪካ የመሄጃ የስደተኝነት ፋይል ስምንት ዓመት ሲንከባለል ቆይቶ ዘንድሮ አልቋል፤ የጤና ምርመራውን አልፈዋል፤ በጥር ትበራላችሁ ተብለዋል። ወይዘሮ ሲቲና ለልጅ ልጃቸው ሹራብ ሠርተው ሻንጣ ውስጥ ከተዋል። እየመራ ያለው ተወዳዳሪ ደግሞ ስደተኛ መቀበሉን አቆማለሁ ብሎ ሲቀሰቅስ የከረመ ነው።

ሕሩይ በሦስት ሰዓት ኪኩቦ መድረስ ነበረበት። ስልኩ ሁለቴ ጮኸ፤ ሁለቴም አላነሳም። ምን እንደሚጠብቅ ራሱም አላወቀም። አቶ ቦናን ብቻ ያያል። እያንዳንዱ አውራጃ ሲነበብ እንደ ተማሪ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ የሚጎዳቸውንም የሚጠቅማቸውንም በአንድ እርሳስ፣ በአንድ ጽሕፈት። ፉል የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ተነስተው ይቀዳሉ፤ ተመልሰው ደግሞ ይጽፋሉ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ውጤቱ ታወቀ፤ ሲመራ የነበረው አሸነፈ።

 ወይዘሮ ሲቲና እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ከጓዳ ብቅ አሉና ማያ ገጹን አይተው፣ ከዚያ ባላቸውን አይተው፣ ቆሙ። ከተስኒም ስልክ ተደወለ። ወይዘሮ ሲቲና ስልኩን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ድምፃቸው ሲሰበር ከውጭ ይሰማል። ሙሐመድሰዒድ የአቶ ቦናን ትከሻ ነካ አድርጎ «አላህ ያውቃል፣ ጋሽዬ» ብሎ ወጣ። ሌላውም እየተነሳ ሄደ። ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«አዘኑ፣ ጋሽ ቦና?» አለ ሕሩይ።

«ማዘንማ አዘንኩ።» ጨርቅ አንስተው ጠረጴዛ መጥረግ ጀመሩ። «የልጅ ልጄን በስልክ ብቻ ነው የማውቃት፤ እንግዲህ እንደዚያው ትቀራለች ይሆናል። ግን አልተቃጠልኩም። ቆጥረው ነው የከለከሉኝ። ሕዝቡ ይሄን ፈለገ፤ ተቆጠረ፤ ተነበበ፤ አለቀ። አራት ዓመት ቆይተው ደግሞ ይቆጥራሉ። እንዲህ ያለ አገር ደጁን ቢዘጋብኝ እንኳ አከብረዋለሁ።»

ጠረጴዛው ጸድቷል፤ እሳቸው ግን መጥረጋቸውን አላቆሙም።

«አገሬ ላይ ያቃጠለኝ መሸነፌ አይደለም፣ ሕሩይ። ምናልባት የእውነት ተሸንፌ ይሆናል፤ ማን ያውቃል? ያቃጠለኝ ስንት ሰው እንደመረጠኝ አለማወቄ ነው። እስር ቤት እያለሁ እንደ እብድ እደምር ነበር። የገበያው ሰው ይህን ያህል፣ የእናቴ ወገኖች ይህን ያህል፣ ወፍጮ ቤቱ አካባቢ ያሉት ይህን ያህል… አንድ ጣቢያ እንኳ የነገረኝ ቢኖር፣ አንድ ብቻ፣ እሱን ይዤ እተኛ ነበር።»

 ሕሩይ ኪኩቦ ሥራ እንደሚጠብቀው አሰበ። ነገም መጥቶ እዚሁ ጥግ መቀመጥ ይችላል፤ ለከርሞም። ማንም አይጠይቀውም። ሂድ ሂድ የሚለው ነገር ግን እግሩን አላንቀሳቀሰውም።

«አንድ ጣቢያ አውቃለሁ» አለ።

«የምን?»

«የእርስዎን። ከወንዙ ማዶ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የነበረውን። ኃላፊው እኔ ነበርኩ። ቁጥሩን ገልብጬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።»

የአቶ ቦና እጅ ቆመ። ከደጅ የታክሲ ረዳት መንገደኛ ሲጠራ ይሰማል። ቀስ ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ሕሩይን አዲስ ሰው እንደሚያዩ አተኩረው አዩት።

«አራት ዓመት ፉሌን ስትበላ» አሉ።

«አዎ።»

«ሲቲናን፣ ይሄ ሰው ብቸኛ ነው፣ ጨመር አድርጊለት እላት ነበር።»

«እሰማ ነበር፣ ጋሽ ቦና።»

ሕሩይ ስድብ ጠበቀ፤ ጥፊም ቢሆን ጠበቀ፤ ቢመጣ እፎይ የሚል መስሎት ነበር። አልመጣም። ሽማግሌው ጨርቁን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።  ከዚያ እንደ ምስጢር ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ስንት ነው?» አሉ።

ሕሩይ አፉን ከፈተ።

«ቆይ!» አሉ አቶ ቦና። ተነስተው ቴሌቪዥኑን አጠፉ። የሸሚዛቸውን ቁልፎች እስከ አንገታቸው ቆለፉ። «ሲቲና! ነይማ አንዴ ውጪ!» ወይዘሮ ሲቲና ዓይናቸው እንደቀላ፣ ስልኩን እንደያዙ መጡ። «እንዲህ ተቀምጠህ በሹክሹክታ አትነግረኝም» አሉ አቶ ቦና ወደ ሕሩይ ዞረው። «ያኔ ለሕዝቡ ልታነብ እንደነበረው አድርገህ ቆመህ አንብብ።»

ሕሩይ ተነስቶ በሩ ዘንድ ቆመ። ወረቀት አልነበረውም፤ አላስፈለገውምም።

  «የተመዘገበ መራጭ፣ ስድስት መቶ ዘጠና አራት። ድምፅ የሰጠ፣ ስድስት መቶ አርባ አንድ። የተበላሸ፣ ሃያ ስድስት።» አቶ ቦና ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ከንፈራቸው ይከተለዋል። «እንስራ፣ አራት መቶ አርባ ሰባት።»

ወይዘሮ ሲቲና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሕሩይ እዚህ ላይ አቁሞ ግድግዳውን ተደገፈ።

አቶ ቦና ዓይናቸውን ገለጡ።

«ለምን አቆምክ?» አሉት። «የዚያኛውን ተወዳዳሪም አንብብ እንጂ።»